ዳንባር «የጥቁሮች ትምህርት ቤት ነው» አሉኝ፤ ልጄን ልላክ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲቃረብ የሚደርሱን ደብዳቤዎች መልካቸው ይለወጣል። በዚህ ወር ብዙዎቹ የሚያወሩት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ስላለው ስለ ዳንባር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለእሱ ሰጠሁት። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ልጄ በሚቀጥለው ዓመት 9ኛ ክፍል ትገባለች። ለሰፈራችን የተመደበው ዳንባር ነው። ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው፣ ዕድር ላይ የማገኛቸው ሰዎች ሁሉ ‹እሱማ የጥቁሮች ትምህርት ቤት ነው፣ ይቅርብህ› ይሉኛል። እኛስ ምንድን ነን? ግን ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲል ደግሞ ያስፈራል። ለመሆኑ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው?»
የሁለት ልጆች አባት፣ ዋሽንግተን ዲሲ

ወንድሜ፣ ደብዳቤዎ ውስጥ «እኛስ ምንድን ነን?» ያሏት አጭር ጥያቄ ከሌላው ሁሉ በላይ ልቤ ገባች። እመለስባታለሁ። መጀመሪያ ግን ትምህርት ቤቱን ላስተዋውቅዎት፣ ምክንያቱም «ይቅርብህ» የሚሉዎት ሰዎች ስለ ምን እንደሚያወሩ የሚያውቁት አይመስለኝም።

ዳንባር የተጀመረው በ1870 ነው። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ሕንጻ አልነበረውም። 15ኛው ጎዳና ላይ በነበረ የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነው ትምህርት የተጀመረው። በመላ አሜሪካ ለጥቁር ልጆች የተከፈተ የመጀመሪያው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሄ ነው። በ1891 ኤም ጎዳና ላይ የራሱን ቤት አገኘና «ኤም ስትሪት» ተባለ። በ1916 ወደ ፈርስት ስትሪት ሲዛወር ደግሞ የገጣሚውን የፖል ሎረንስ ዳንባርን ስም ያዘ። ዳንባር አባትና እናቱ በባርነት ያለፉ፣ ኦሃዮ ውስጥ በክፍሉ ብቸኛው ጥቁር ተማሪ ሆኖ የተማረ፣ በ33 ዓመቱ የተቀጨ ሰው ነው።

አሁን አስተማሪዎቹን ይስሙኝ። ከሃርቫርድ ኮሌጅ የተመረቀው የመጀመሪያው ጥቁር፣ ሪቻርድ ግሪነር፣ እዚህ ርእሰ መምህር ነበር። ዛሬ ልጅዎ ፌብሩዋሪ ላይ የምታከብረውን የጥቁሮች ታሪክ ወር መሠረት የጣለው ካርተር ዉድሰን፣ ከሃርቫርድ በታሪክ ዶክትሬት ይዞ እዚህ የሁለተኛ ደረጃ ልጆችን አስተምሯል። በ1921 በአሜሪካ ዶክትሬት ያገኙት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጥቁር ሴቶች፣ ሦስቱም ወይ ተምረውበታል ወይ አስተምረውበታል። የትኛው ሀብታም ትምህርት ቤት ነው ዛሬ እንዲህ ያለ የመምህራን ክፍል ያለው?

ምክንያቱ ግን የሚያስደስት አይደለም። እነዚህ ሰዎች ዶክትሬት ይዘው የነጭ ዩኒቨርሲቲ አይቀጥራቸውም ነበር። በር ሁሉ ተዘጋባቸው። የቀረላቸው የጥቁር ኮሌጆችና እንደዚህ ያለ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። ዋሽንግተን ደግሞ የፌዴራል መንግሥት ከተማ ስለነበረች ጥቁር መምህር ከነጭ መምህር እኩል ይከፈለው ነበር፤ ይሄ በደቡብ ክፍለ ግዛቶች የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ከየአገሩ የተሻለው የተማረ ሰው ወደዚህ መጣ። ግፍ ያሰባሰበው እውቀት ነው ልበልዎት።

ከዚያ ክፍል የወጡትን ልጆችስ? ደም በፕላዝማ መልክ በብዛት ተጠብቆ ለቁስለኛ እንዲደርስ መንገዱን ያበጀው ሐኪም ቻርልስ ድሩ በ1922 ተመረቀ። የመጀመሪያው ጥቁር የፌዴራል ዳኛ ዊልያም ሄስቲ የዳንባር ልጅ ነው። የመጀመሪያው ጥቁር የካቢኔ ሚኒስትር ሮበርት ዊቨር፣ የመጀመሪያው የአሜሪካ ጦር ጥቁር ጄነራል ቤንጃሚን ዴቪስ፣ በ1966 በሕዝብ ድምፅ ለሴኔት የተመረጠው ኤድዋርድ ብሩክ፣ ለብዙ ዓመታት ዲሲን በኮንግረስ የወከለችው ኤሌኖር ሆምስ ኖርተን፣ ሁሉም ከዚህ ቤት ናቸው።

አንዱን ግን ለይቼ ላንሳልዎት፤ ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን። በ1911 ከኤም ስትሪት ወጣ። በኋላ ጠበቃ ሆነ፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በኋላ የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነውን ተርጉድ ማርሻልን የመሳሰሉትን አስተማረ፣ የዘር መለያየትን በፍርድ ቤት የሚያፈርሰውን ስልት የነደፈው እሱ ነው። ከትምህርት ቤቱ ብዙም ሳይርቅ ብሉሚንግዴል የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ ብራያንት ስትሪት ላይ ቤቶች ለጥቁር እንዳይሸጡ በውል ታስረው ነበር። ሂውስተን ሄርድ የሚባሉ ባልና ሚስትን ወክሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከረና በ1948 ረታ። ዛሬ ሐበሻ በዚያ ሰፈር ቤት ሲገዛ የወረቀቱ ጣጣ ባንክና ወለድ ብቻ ነው። ቀለሙን የሚጠይቀው የለም። እኛን ከአፍሪካ በብዛት ያስገባን የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግም ቢሆን የወጣው በዚያው በሲቪል መብት ትግሉ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ኮታው በአብዛኛው የአውሮፓውያን ነበር።

እንግዲህ «እኛስ ምንድን ነን?» ላሉት ጥያቄ መልሴ ይሄ ነው። ትግሉን ሳንታገል ፍሬውን የበላን ሰዎች ነን። ቢያንስ ስሙን በንቀት ባንጠራው ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ልጅዎ። ዳንባር ዛሬ ተራ የሰፈር ትምህርት ቤት ነው። ለዘር የተለየ አይደለም፤ በክልሉ የሚኖር ልጅ ሁሉ ያለ ፈተናና ያለ ዕጣ የመግባት መብት አለው። ከክልሉ ውጭ የሚኖር የዲሲ ልጅ ደግሞ በከተማው የጋራ ዕጣ ይሞክራል። እውነቱን ልንገርዎት፣ የፈተና ውጤቱ እንደ ባነከር ካሉ ተማሪ መርጠው ከሚያስገቡ ትምህርት ቤቶች በብዙ ያንሳል። ይህን አልደብቅዎትም፣ ቁጥሩም ለሕዝብ ክፍት ነው። ግን አማካይ ውጤት የእርስዎ ልጅ ምን እንደምትማር አይነግርዎትም። ስለዚህ ከሰው አይስሙ፣ ልጅዎን ይዘው ሄደው ያዩት። ክፍል ውስጥ ትምህርት ሲሰጥ ማየት እንደሚፈልጉ አስቀድመው ይንገሯቸው። ከባዱን ሒሳብና ሳይንስ ማን እንደሚያስተምር፣ ያ መምህር ስንት ዓመት እንደቆየ፣ ከፍተኛ ደረጃ የሚባሉት የኤፒ ኮርሶች የትኞቹ በእርግጥ በዚህ ዓመት እንደሚሰጡ ይጠይቁ። ወረቀት ላይ ያለና ክፍል ውስጥ ያለ ኮርስ ይለያያል። ልጅቷንም ይጠይቋት። አራት ዓመት የምትውለው እሷ ናት።

ደግሞ እንግሊዝኛው ካስቸገረዎት አይፈሩ። ዲሲ ውስጥ በ2004 የወጣ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አለ። አማርኛ በዚያ ሕግ ከሚስተናገዱት ቋንቋዎች አንዱ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነው፣ ክፍያም የለውም። ልጅዎ ስለ ራሷ የሚነገረውን እንድታስተረጉም አያድርጉ። ይሄን በብዙ ቤት አይቻለሁ፤ ልጁም ያፍራል፣ ወላጁም ግማሹን ሳይሰማ ይወጣል።

«ዳንባር ያን ያህል ትልቅ ከነበረ ታዲያ ምን ነካው? መለያየቱ ሲቀር የበለጠ መሻሻል አልነበረበትም?»
አንባቢ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ

ይሄን ጥያቄ አሜሪካኖቹ ራሳቸው ሲከራከሩበት ስንት ዓመታቸው።

ሜይ 17 ቀን 1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትምህርት ቤት ዘር መለያየትን ሲሽር፣ በዚያው ቀን የዲሲን ጉዳይ በተለየ ፍርድ ወስኗል። ቦሊንግ ከሻርፕ የሚባለው ነው። ጉዳዩ የተነሣው ጥቁር ልጆች አዲስ ከተሠራና ቦታ ከነበረው የነጮች ትምህርት ቤት ስለተመለሱ ነው። ከላይ ያነሣሁት ሂውስተን ለእነዚህ ወላጆች ሲሠራ ቆይቶ ሕመም ሲጸናበት ለሌላ ጠበቃ አስረከበ፤ በ1950 ሞተ፣ ፍርዱን አላየም።

ፍርዱ ትክክል ነበር። ማንም ጤነኛ ሰው ወደዚያ ዘመን እንመለስ አይልም። ነገር ግን ከዚያ በፊት ዳንባር ልጅ የሚያገኘው ከመላ ከተማው ነበር። ሁለት አውቶቡስ ቀይረው፣ በእግራቸው ረጅም መንገድ ተጉዘው የሚመጡ ልጆች ነበሩ። ከአንተ ከተማ ከአሌክሳንድሪያ ሳይቀር፣ እዚያ ለጥቁር ሁለተኛ ደረጃ ባልነበረበት ጊዜ፣ ወንዙን ተሻግረው ዲሲ የሚማሩ ነበሩ። ከ1954 በኋላ ግን ከተማው ትምህርት ቤቶቹን በሰፈር ክልል ከፋፈለ። ዳንባርም በዙሪያው ያለውን ልጅ ብቻ የሚቀበል ሆነ። ሰፈሩ ደግሞ ድሃ ነበር። ዶክትሬት ላለው መምህር ሌላ በር ተከፈተለት፣ ሄደ። ገንዘብ ያለው ቤተሰብም ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ሰፈርና ወደ ከተማው ዳርቻ ወጣ። በአንድ ጊዜ ተማሪው፣ መምህሩና ወላጁ ተለወጡ። ስሙ ብቻ ቀረ።

ሕንጻውም ታሪክ አለው። የ1916ቱን ያማረ ሕንጻ በ1977 አፈረሱት። የቀድሞ ተማሪዎች ለማዳን ብዙ ታግለው አልሆነላቸውም። ምትኩ የኮንክሪት ሕንጻ ነበር፤ በዘመኑ ፋሽን ክፍሎቹ ግድግዳ ሳይኖራቸው ክፍት ሆነው ተሠሩ። መምህር የሆነ ሰው ይሄን ሲሰማ ራሱን ይይዛል፣ አንዱ ክፍል ሲናገር ሌላው እንዴት ይማራል? ያም ፈረሰና በ2013 በ122 ሚሊዮን ዶላር የተሠራው፣ ብርሃን የሚያስገባው የዛሬው ሕንጻ ተከፈተ። በእሱ ወለል ላይ የታላላቅ ተመራቂዎች ስም በሰሌዳ ተቀምጧል። ከሰሌዳዎቹ መካከል ባዶ የተተዉ አሉ፣ ገና ለሚመጡት። እኔ ይሄን ሐሳብ ያመጣውን ሰው አመሰግነዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ብቀር ዕዳ ይሆንብኛል። የድሮው ዳንባር ገነት አልነበረም። ቆዳቸው ቀላ ያሉና የደህና ቤተሰብ ልጆች ይበልጥ ይከበሩበት እንደነበር የተማሩበት ሰዎች ራሳቸው ተናግረዋል። ጠቆር ያለውና የሠራተኛው ልጅ ብዙ ጊዜ ወደ አርምስትሮንግ፣ ወደ ሙያ ትምህርት ቤቱ ይገፋ ነበር። ዱክ ኤሊንግተን የተማረው እዚያ አርምስትሮንግ ነው፣ ስለዚህ እሱም ቢሆን የሚናቅ ቤት አልነበረም። የቆዳ ነገር እኛም ቤት አለ፤ «ቀይ ናት» ብለን የምናሞግስ ሰዎች ስለሆንን ነው የማነሣው።

ደግሞ ዳንባር ቢያንስ አለ። በብዙ ቦታ መለያየቱ ሲቀር የተዘጋው የነጩ ሳይሆን የጥቁሩ ትምህርት ቤት ነው። የአንተው ከተማ ፓርከር ግሬይ ምሳሌ ነው። በ1950 በኤንቢኤ፣ በትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የተጫወተው የመጀመሪያው ጥቁር ኧርል ሎይድ የወጣው ከዚያ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ሁለተኛ ደረጃነቱ ቀረ። ልጆቹ ወደ ነጮቹ ትምህርት ቤት ሲበተኑ በየቦታው ብዙ ጥቁር ርእሰ መምህራንና መምህራን ከሥራ ውጭ ሆኑ። ድል ሲመጣ እንዲህ ያለም ዋጋ ነበረው።

«ልጄ ጄአርኦቲሲ ልግባ ብሎ አስጨንቆኛል። ዩኒፎርም ይለብሳሉ፣ ሰልፍ ያሰለፋሉ። እኔ ከጦርነት ሸሽቼ የመጣሁ ሰው ነኝ። ልጄን ለውትድርና ሊወስዱብኝ ነው?»
እናት፣ ዋሽንግተን ዲሲ

እህቴ፣ ድንጋጤሽ ይገባኛል። በእኛ አገር ወታደር ልብስ የለበሰ ሰው ትምህርት ቤት በር ላይ ሲቆም ትርጉሙ ሌላ ነበር። እናቶች ልጅ የደበቁበት ዘመን አልፏል፣ ግን ከሆድ አይወጣም።

ይሄ ሌላ ነው። ጄአርኦቲሲ በ1916 በወጣ ሕግ የተጀመረ የሁለተኛ ደረጃ ፕሮግራም ነው። እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይወሰዳል፣ ክሬዲት አለው። ሰልፍ፣ ዩኒፎርም፣ የአመራር ትምህርት፣ ካርታ ማንበብ፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ ስፖርት አለበት። አስተማሪዎቹ በጡረታ የወጡ ወታደሮች ናቸው። ልጁ ሲመዘገብ ወደ ጦር ለመግባት ምንም ግዴታ አይፈርምም። ከጨረሰ በኋላም አንድ ቀን እንኳ ማገልገል አይጠበቅበትም። በራሱ ፈቃድ ከ18 ዓመት በኋላ ጦር ቢገባ ግን በተሻለ ደረጃና ደመወዝ ሊጀምር ይችላል። ይሄንንም ማወቅሽ ደግ ነው፣ ምክንያቱም ጦሩ በፕሮግራሙ ደስ የሚለው ያለ ነገር አይደለም፤ ልጆቹ እንዲወዱት ይፈልጋል። ልጅሽን አስቀምጠሽ «የወደድከው ምኑን ነው?» በይው። ጓደኛ ከሆነ፣ ሥርዓቱ ከሆነ፣ አንድ ቡድን ውስጥ መሆን ከሆነ እኔ ብሆን እፈቅድለታለሁ። ሲደብረው በሚቀጥለው ዓመት አለመመዝገብ ይችላል።

በዳንባር ደግሞ ይሄ ነገር ሥሩ ጥልቅ ነው። ጄአርኦቲሲ የሚባለው ስም ሳይመጣ በፊት የዲሲ ጥቁር ተማሪዎች የራሳቸው የካዴት ጓድ ነበራቸው። በየዓመቱ ትምህርት ቤቶቹ በሰልፍ ይወዳደሩ ነበር፣ ቤተሰብ ሁሉ ወጥቶ ያያል። ያ ጄነራል ቤንጃሚን ዴቪስ በልጅነቱ እዚያው ካዴት ነበር። በ1949 ከአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ የተመረቀው የመጀመሪያው ጥቁር ዌስሊ ብራውንም የዳንባር ልጅ ነው። ሐኪሙ ቻርልስ ድሩም ካዴት ነበር፤ ይሄውልሽ፣ ሰልፍ የወጣ ሁሉ ወታደር አይሆንም።

«ወንዱ ልጄ ምሕንድስና ይወዳል። ዳንባር ውስጥ እንዲህ ያለ ፕሮግራም አለ ይባላል። እውነት ነው? ከዚያስ ለኮሌጅ የሚረዳው ነገር አለ?»
አባት፣ ብሉሚንግዴል

አዎ፣ ዳንባር በምሕንድስና ዝግጅት ስሙ የቆየ ነው። ልጁ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከመደበኛው ትምህርት ጎን ለጎን የምሕንድስና ኮርሶችን በተከታታይ ይወስዳል፣ ዲዛይን፣ የኮምፒውተር ሥዕል፣ ሠርቶ ማሳየት። ነገር ግን ልብ በሉ፣ ይሄ ፕሮግራም ያለ ሒሳብ ባዶ ነው። 9ኛ ክፍል ላይ አልጀብራ ጨርሶ ወይም እየወሰደ የገባ ልጅና ገና ያልደረሰበት ልጅ 12ኛ ክፍል ላይ የሚገናኙት ካልኩለስ በር ላይ ነው፣ አንዱ ይገባል፣ አንዱ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ካውንስለሩን ስታነጋግሩ የመጀመሪያው ጥያቄ «የሒሳብ መሥመሩ በየዓመቱ ምንድን ነው?» የሚል ይሁን። ጽፈው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ።

ዲሲ ውስጥ ለመመረቅ 24 ክሬዲትና 100 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ያስፈልጋል። መቶ ሰዓቱን ብዙ ልጆች እስከ 12ኛ ክፍል ይረሱታል። ከዚያ ግንቦት ሲደርስ ቤት ውስጥ ለቅሶ ነው። በየክረምቱ ከፋፍሎ ቢሠራ ምንም አይደለም። ልጁ እሁድ እሁድ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አማርኛ ፊደል የሚያስተምር ከሆነ ሊቆጠርለት ይችል እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሆኖ የኮሌጅ ኮርስ መውሰድም አለ። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከዳንባር በጣም ቅርብ ነው። ልጁ የኮሌጅ ክፍል ውስጥ አንዴ ተቀምጦ ካየ ፍርሃቱ ይወጣለታል። ገንዘቡን በተመለከተ፣ ዲሲ የራሷ ብዙ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ስለሌሏት ኮንግረስ በ1999 በወጣ ሕግ የትምህርት ድጎማ ሰጥቷታል። የዲሲ ነዋሪ የሆነ ልጅ ሌላ ክፍለ ግዛት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የነዋሪና የውጭ ተማሪ ክፍያ ልዩነትን በተወሰነ ጣሪያ ይሸፍንለታል። የግል ለሆኑ ታሪካዊ የጥቁር ኮሌጆችም አነስ ያለ ድጋፍ አለው። የሚያመለክተው ልጁ ነው፣ በየዓመቱ፣ በጊዜው። በራሱ አይመጣም።

ትራንስፖርቱንም አትርሱ። የዲሲ ተማሪ በተማሪ ካርዱ አውቶቡስና ሜትሮ በነጻ ይሳፈራል።

«የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እህቴ ዲሲ ናት። ልጄን በእሷ አድራሻ ዳንባር ላስገባው?»
አንባቢ፣ ሜሪላንድ

አይሆንም። ጓደኛህ አድርጎት ሳይያዝ ቀርቶ ይሆናል፣ አንተ ግን አታድርገው። የዲሲ ትምህርት ቤት በየዓመቱ የነዋሪነት ማስረጃ ይጠይቃል፣ ይመረመራልም። ከተገኘ የተማረባቸውን ዓመታት ሙሉ ክፍያ ትጠየቃለህ፣ ልጁም በመሃል ይወጣል። እህትህንም ታስጠይቃታለህ። የወረቀት ጉዳይህ ገና ያላለቀ ከሆነማ ጭራሽ አታስበው።

ታሪኩን ከወደድከው ግን አንተም አገር አለ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በመለያየት ዘመን ለጥቁር ልጆች ሮክቪል ላይ በ1951 ካርቨር የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ከፍቶ ነበር። በ1960 ተዘጋ። ሕንጻው ከዚያ በኋላ ለረጅም ዓመታት የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ዋና መሥሪያ ቤት ሆኖ አገልግሏል። ብዙ ሐበሻ የልጁን ጉዳይ ሊያስፈጽም ሄዶበታል፣ የማን ቤት እንደነበር ሳያውቅ።

«ዳንባር ኤችቢሲዩ ነው ወይስ አይደለም?»
አጭር ጥያቄ፣ ስም የሌለው

አይደለም። ኤችቢሲዩ በሕግ የተተረጎመ ነገር ነው፤ ከ1964 በፊት በዋናነት ጥቁሮችን ለማስተማር የተቋቋሙ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው፣ እንደ ሃዋርድ፣ ሞርሃውስ፣ ስፔልማን። የፌዴራል ገንዘብም ያገኛሉ። ለሁለተኛ ደረጃ እንዲህ ያለ ሕግ የለም። «ታሪካዊ የጥቁሮች ትምህርት ቤት» ስንል ታሪኩን መናገራችን ብቻ ነው።

«እኔ 10ኛ ክፍል ነኝ። ለታሪክ ክፍል ከዳንባር ጋር የተያያዘ ሰው መርጬ መሥራት አለብኝ። የክፍሌ ልጆች ‹አንቺኮ ሐበሻ ነሽ፣ ይሄ የአንቺ ታሪክ አይደለም› ይሉኛል። ቤት ስመጣ ደግሞ አባቴ ‹ጥቁር አይደለንም፣ ሐበሻ ነን› ይላል። ማንን ልምረጥ?»
ተማሪ፣ ዋሽንግተን ዲሲ

የኔ ልጅ፣ ሁለቱም ወገን ከአንቺ ላይ አንድ ነገር ሊቀንሱ ይፈልጋሉ፣ አንቺ ግን ምንም እንዲቀነስብሽ አትፍቀጂ። ሐበሻም ነሽ፣ ጥቁርም ነሽ። አባትሽን አትጣዪው፤ ያ አነጋገር ከዚህ አገር ፍርሃት ጋር የመጣ ነው፣ «እንዳይንቁን» ነው። ፕሮጀክቱን ስትጨርሺ አንብቢለት።

አና ጁልያ ኩፐርን ምረጪ።

በ1858 ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በባርነት ተወለደች። ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤት ስትገባ ከወንዶቹ ጋር እኩል ግሪክኛ ልማር ብላ የተከራከረች ልጅ ነበረች። ኦበርሊን ኮሌጅ ተመረቀች። በ1887 ወደ ዋሽንግተን መጥታ በዚሁ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረች፣ በ1902 ርእሰ መምህር ሆነች። በዚያ ዘመን «ለጥቁር ልጅ አናጢነትና ልብስ ስፌት ይበቃዋል» የሚሉ ባለ ሥልጣኖች ነበሩ። እሷ ላቲንና ከፍተኛ ሒሳብ ካልተማሩ አለች፣ ተማሪዎቿን ሃርቫርድ፣ ብራውንና ኦበርሊን አስገባች። በ1906 ከቦታዋ አነሷት። ዛሬ ሰው ሥራው ላይ ሲበደል ጥሎ ይሄዳል፣ ቂም ይዞ ይቀመጣል። እሷ ሄደች፣ ሚዙሪ ውስጥ አስተማረች፣ በ1910 ግን ወደዚያው ትምህርት ቤት ተመለሰች። እንደ ተራ የላቲን መምህር። ርእሰ መምህር በነበረችበት ቤት ማለት ነው።

ከዚያ በእርጅናዋ ዋዜማ የዘመዶቿን አምስት ወላጅ አልባ ልጆች ወሰደችና አሳደገች። እነሱን እያሳደገች፣ ሙሉ ቀን እያስተማረች፣ በክረምት ፓሪስ ድረስ እየተመላለሰች ተማረች። በ1925፣ ከ65 ዓመት በላይ ሆና፣ ከሶርቦን ዶክትሬት ተቀበለች። ጽሑፉን የሠራችው በፈረንሳይኛ ነው፣ ስለ ፈረንሳይ አብዮትና ስለ ባርነት። የሞተችው በ1964፣ በ105 ዓመቷ ነው። በባርነት ተወልዳ፣ የሲቪል መብት ሕጉ ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት አረፈች።

የኖረችበት ቤት ሌድሮይት ፓርክ፣ ቲ ስትሪት ላይ አሁንም አለ፣ ከፊቱ ያለው አደባባይ በስሟ ይጠራል። ከዳንባር በእግርሽ መሄድ ትችያለሽ። ፎቶ አንሺና ለጥፊበት፣ መምህርሽ ይወደዋል።

ለመጨረሻው ገጽ ደግሞ ይሄን ላቀብልሽ። ለዓመታት በታተመው የአሜሪካ ፓስፖርት ገጾች ላይ የታላላቅ ሰዎች ቃል አለ፣ የፕሬዚዳንቶች፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ። ከእነሱ መካከል የአና ኩፐር ቃል አለ፤ ነጻነት የአንድ ዘር ወይም የአንድ ወገን ጉዳይ ሳይሆን የሰው ልጅ ሁሉ ጉዳይ መሆኑን ትናገራለች። አባትሽ ዜግነት ሲወስድ ያወጣው ሰማያዊ ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ ካለ፣ አብራችሁ ገጹን ፈልጉት።